ምንጭ መጥቀስ፦ ዋቢ ለምን ይጻፋል፣ ተማሪዎችስ የሚሳሳቱት የቱ ላይ ነው?

ግንቦትና ሰኔ ሲገባ ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ያሉ ኮፒ ቤቶች ፋታ የላቸውም። የመመረቂያ ጽሑፍ ይታተማል፣ ይጠረዛል። ሊጠረዝ ከተደረደረው ወረቀት የመጨረሻዎቹን ገጾች ገልጦ ያየ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ይህን ነው፦ አንዱ መስመር በአንድ ዓይነት ፊደል፣ ቀጣዩ በሌላ፤ ሰማያዊ ቀለሙንና የሥር መስመሩን እንደያዘ የተለጠፈ ሊንክ፤ ከላይ በራሱ ስም፣ ከታች በአባቱ ስም ተጽፎ ሁለት ሰው የሆነ አንድ ደራሲ፤ የእኛ ይሁን የፈረንጅ ያልታወቀ "2011" የሚል ዓመት።

ይህ ገጽ ዋቢ ነው። ተማሪው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ በመጨረሻው ሌሊት ይሠራዋል፤ ብዙ መምህራን ግን አስቀድመው የሚገልጡት እሱን ነው። አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ተጨምሯል። በአንድ ትእዛዝ ያማረ የዋቢ ዝርዝር ያወጣል፤ በዝርዝሩ ውስጥ ግን ማንም ያልጻፋቸው መጻሕፍት ይገኙበታል። ስለዚህ ነገሩን ከመሠረቱ ጀምሮ ማየት ይጠቅማል።

ምንጭ መጥቀስ ሲባል ምን ማለት ነው?

በጥናታችሁ ውስጥ ከሌላ ሰው ያገኛችሁት ቁጥር፣ ሐሳብ፣ ትንታኔ ወይም ቃል የማን እንደሆነና የት እንደሚገኝ መናገር ነው። ሥራው ሁለት ቦታ ላይ ይሠራል። አንደኛው እዚያው ዓረፍተ ነገሩ አጠገብ ነው፤ የደራሲው ስም፣ ዓመቱ፣ ሲያስፈልግም ገጹ በቅንፍ ይገባል፤ ወይም ትንሽ ቁጥር ይሰጠውና ዝርዝሩ በግርጌ ማስታወሻ ይጻፋል። ሁለተኛው መጨረሻ ላይ ያለው የዋቢ ጽሑፎች ዝርዝር ነው። ሁለቱ መገጣጠም አለባቸው። ጽሑፉ ውስጥ ተጠርቶ ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ፣ ወይም ዝርዝሩ ውስጥ ገብቶ ጽሑፉ ውስጥ አንድም ቦታ ያልተጠራ ምንጭ ካለ፣ መርማሪው ሳያነቡ የተሞላ ዝርዝር ነው ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

አዲስ አበባ ውስጥ ለእንግዳ ቤት ስናመላክት የምናደርገውን አስቡ። "ቤቴ አራት ኪሎ ነው" ብንለው አይደርስም። ከሐውልቱ ወደ ፒያሳ ሲወርድ በስንተኛው ቅያስ እንደሚታጠፍ፣ ከማን ሱቅ አጠገብ እንደሆነ፣ የበሩ ቀለም ምን እንደሆነ ካልነገርነው መንገድ ላይ ቆሞ መደወሉ አይቀርም። ዋቢም የሚመዘነው በዚሁ ነው፤ አንባቢው እናንተን ሳይጠይቅ እናንተ ካነበባችሁት ገጽ ላይ መድረስ ከቻለ ተሟልቷል፣ ካልቻለ ነጥብና ሰረዙ ቢያምርም ጎድሎታል።

ሌላው ምክንያት የባለቤትነት ነው። የኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከታተመ ሥራ ላይ ጥቅስ መውሰድን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ጥቅሱ ከሚያስፈልገው መጠን እንዳያልፍ፣ ምንጩና የደራሲውም ስም እንዲገለጽ ይጠይቃል። በትምህርት ቤት በኩል ያለው ሕግ ከዚህም ይጠብቃል፤ ቃል በቃል ባይወሰድ እንኳ ሐሳቡ የሌላ ሰው ከሆነ ስሙ መጠራት አለበት።

ሁሉም ነገር ይጠቀሳል ማለት ነው?

አይደለም። ማንም የማይከራከርበት የታወቀ ነገር ዋቢ አይፈልግም። የዓድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. መካሄዱን ለመጻፍ የማንንም ስም መጥራት አያስፈልጋችሁም። እዚያው ዓረፍተ ነገር ላይ ስንት ሺህ ወታደር እንደዘመተ ከጻፋችሁ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ በዚህ ላይ ጸሐፊዎች የተለያየ ቁጥር ነው የሚሰጡት፣ ስለዚህ የማንን ቁጥር እንደወሰዳችሁ መናገር ግድ ነው።

ልዩነቱ ይህ ነው፦ አንባቢው "ከየት አመጣኸው?" ብሎ ሊጠይቅበት የሚችል ነገር ይጠቀሳል። ቁጥር፣ የአንድ ሰው ትንታኔ፣ አከራካሪ የሆነ ታሪክ፣ የሌላ ሰው ሠንጠረዥ፣ ካርታና ፎቶግራፍ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የድሮዋን ፒያሳ የሚያሳይ ምስል ከኢንተርኔት አውርዶ "ምስል 3፦ ፒያሳ በድሮ ጊዜ" ብሎ መለጠፍ ማን አነሣው፣ መቼ፣ የት ተቀምጧል የሚለውን ሁሉ ሳይመልስ ያልፋል። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ብዙ የፒያሳ ቤቶች ከፈረሱ ወዲህ ይህ ጉድለት ይበልጥ ከባድ ሆኗል። ሄዶ ማየት ስለማይቻል፣ ምስሉ የተነሣበት ቀን ራሱ ማስረጃ ነው።

ቃሉን ከቀየርኩት የራሴ አልሆነም?

ይህ በጣም የተለመደው ስሕተት ነው፤ አብዛኛውም ከክፋት የሚመጣ አይደለም። ብዙዎቻችን ትምህርት ቤት "በራስህ አባባል ጻፍ" ስንባል ቃል መለወጥ ማለት መስሎን ነው ያደግነው። በምሳሌ እንየው። አንድ የታሪክ መጽሐፍ ላይ እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር አለ እንበል፦ "ባሕር ዛፍ ከመምጣቱ በፊት የማገዶ እጥረት አዲስ አበባን ከመዲናነት ሊያስነሣት ደርሶ ነበር።"

ተማሪው ደግሞ እንዲህ ይጽፋል፦ "ባሕር ዛፍ ሳይገባ የእንጨት እጦት አዲስ አበባን ከዋና ከተማነት ሊያስቀራት ተቃርቦ ነበር።" ሁሉም ቃል ማለት ይቻላል ተለውጧል። አጥንቱ ግን የመጽሐፉ ነው፤ የሐሳቡ ቅደም ተከተል፣ የዓረፍተ ነገሩ አካሄድ፣ መደምደሚያውም። ዋቢ ቢጨመርበት እንኳ የተማሪው አባባል ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ያለ ዋቢ ከሆነ ደግሞ የጽሑፍ ስርቆት ነው።

በራስ አባባል መጻፍ መጽሐፉን ዘግቶ ነገሩ ለጥናቱ ምን እንደሚጠቅም ከማሰብ ይጀምራል። ለምሳሌ ስለ ከተማዋ የቤት ግንባታ የሚጽፍ ተማሪ እንዲህ ሊል ይችላል፦ "ዋና ከተማዋ ባለችበት የጸናችው በቤተ መንግሥት ውሳኔ ብቻ አልነበረም፤ በቀላሉ የሚገኝ እንጨትም ወሳኝ ነበር።" ከዚያ የደራሲው ስም፣ ዓመቱና ገጹ ይከተላል። እዚህ ላይ ማስረጃው የመጽሐፉ፣ ማስረጃውን ከራሱ ጥያቄ ጋር ያያያዘው ግን ተማሪው ነው።

የደራሲው አባባል ራሱ ካስፈለገ እንዳለ መውሰድ ይቻላል፤ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ይገባና ገጹ ይጻፋል። ረዘም ሲል አቀማመጡ ይለወጣል፤ ኤፒኤ በሚባለው የምንጭ አጠቃቀስ ሥርዓት 40 ቃልና ከዚያ በላይ የሆነ ጥቅስ ያለ ትእምርተ ጥቅስ፣ ከግራ ኅዳጉ ገባ ብሎ ለብቻው ይቀመጣል።

ትርጉምም ከዚህ አያመልጥም። ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ አንድ አንቀጽ ወስዶ ወደ አማርኛ መመለስ ቋንቋውን ይለውጣል እንጂ ባለቤቱን አይለውጥም። የተረጎማችሁት እናንተ ከሆናችሁ "ትርጉም የራሴ" ብላችሁ አስታውቁና ዋናውን ምንጭ ጥቀሱ። አማርኛን ከእንግሊዝኛ ጋር የሚያስተያይ ሶፍትዌር አያገኘኝም ብሎ የሚተማመን ተማሪ፣ አማካሪው ያንኑ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በየዓመቱ እንደሚያስተምርበት የረሳ ነው።

ያላነበብኩትን ምንጭ መጥቀስ እችላለሁ?

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ በእኛ አገር ጥናቶች ውስጥ ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው በዚህ በኩል ይመስለኛል።

የአዲስ አበባን የሕዝብ ብዛት እንውሰድ። በአገራችን የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ በዚያ ቆጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ነበር። አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በ2008 ዓ.ም. ይህን ቁጥር ከቆጠራው ሪፖርት ወስዶ በጽሑፉ ውስጥ አስገባ እንበል። በ2013 ሌላ ተማሪ ሪፖርቱን ሳያይ ቁጥሩን ከዚያ ጽሑፍ ወሰደና የመጀመሪያውን ተማሪ ስም ከ2008 ጋር በቅንፍ ጻፈ። በ2017 ሦስተኛዋ ከሁለተኛው ወሰደችና "የአዲስ አበባ ሕዝብ 2.7 ሚሊዮን ነው" ብላ 2013ን በቅንፍ አስገባች። ማንም ቁጥር አልፈጠረም፤ ሁሉም ምንጭ ጠቅሰዋል። በሦስት እጅ ግን የ1999 ቁጥር የ2013 መስሎ ተገኘ። ያንን ጽሑፍ ይዞ የውኃ ወይም የትራንስፖርት ፍላጎት የሚያሰላ ሰው ስሌቱ ሁሉ ይዛባበታል።

ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው፦ የምትጠቅሱት ያያችሁትን ነው። ዋናው ሪፖርት የሚገኝ ከሆነ ፈልጉት፣ ከራሱ ውሰዱ፣ ቁጥሩ የመቼ እንደሆነም ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ተናገሩ። የማይገኝ ከሆነ፣ ለምሳሌ ጥንታዊ ከሆነ ወይም በማታውቁት ቋንቋ ከተጻፈ፣ "እገሌ፣ በእገሌ እንደተጠቀሰው" ብላችሁ በዋቢው ዝርዝር ውስጥ በእጃችሁ የያዛችሁትን አስገቡ። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ዋናውን ሳታዩ እንዳያችሁ አስመስሎ መጥቀስ ግን ሐሰት ነው፤ ሁለተኛው ጸሐፊ ገጹን ተሳስቶ ከጻፈ ስሕተቱ በእናንተም ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል፣ በዚያም ትታወቃላችሁ።

ዊኪፔዲያንም በዚሁ ዓይን እዩት። ማንም ሊያርመው የሚችል ጽሑፍ ስለሆነ ለመመረቂያ ጽሑፍ ዋቢ አይሆንም። ከሥሩ የተደረደሩት የግርጌ ማስታወሻዎች ግን ወደ ዋናው ምንጭ ይወስዳሉ፤ እነሱን ተከትሎ ሄዶ ማንበብ ጥሩ መነሻ ነው።

ኤፒኤ፣ ኤምኤልኤ፣ ቺካጎ፦ የቱን ልከተል?

የትምህርት ክፍላችሁ የሚለውን። ለዚህ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ኤፒኤ የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ያወጣው ሥርዓት ሲሆን በትምህርትና በማኅበራዊ ሳይንስ ይበዛል፤ ሰባተኛው እትሙ እ.ኤ.አ. በ2019 ወጥቷል። ኤምኤልኤ በቋንቋና ሥነ ጽሑፍ፣ ቺካጎ በታሪክ ይዘወተራሉ። ኢንጂነሮች በአብዛኛው አይትሪፕል ኢ የሚባለውን፣ ሐኪሞች ቫንኩቨርን ይጠቀማሉ፤ ሁለቱም ከስም ይልቅ በቁጥር ይሠራሉ። ልዩነታቸው በአቀማመጥ ነው፤ ሁሉም የሚጠይቁት ማን፣ መቼ፣ ምን፣ የት የሚለውን ነው። አንዱን ይዞ እስከ መጨረሻው መሄድ እንጂ ምዕራፍ አንድን በኤፒኤ፣ ምዕራፍ ሁለትን በቺካጎ መጻፍ አይሆንም።

የግርጌ ማስታወሻ ለምትጠቀሙ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። "ዝኒ ከማሁ" ማለት ከላይ ወዲያውኑ የተጠቀሰው ምንጭ ማለት ነው። ጽሑፉን ስታርሙ በመካከል አዲስ የግርጌ ማስታወሻ ብትጨምሩ፣ ከሥሩ ያለው "ዝኒ ከማሁ" በዝምታ ወደ አዲሱ ምንጭ ይዞራል። ኮምፒውተሩ አይነግራችሁም። ስለዚህ ረቂቁ ላይ ሁሉንም በአጭር ስምና በገጽ ጻፉ፤ ወደ "ዝኒ ከማሁ" የምትለውጡት ለመጠረዝ ሲደርስ ብቻ ይሁን።

የኢትዮጵያዊ ደራሲ ስም እንዴት ይጻፋል?

እነዚህ ሥርዓቶች የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላላቸው አገሮች ነው። የመጨረሻው ስም የቤተሰብ ነው ብለው ስለሚያስቡ እሱን ወደ ፊት ያመጣሉ፣ የራስን ስም በአንድ ፊደል ያሳጥራሉ። የእኛ ሁለተኛ ስም ግን የአባት ነው። የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ በዚህ አሠራር "ዘውዴ፣ ባ." ይሆናሉ፤ መጽሐፉን የጻፉት አባታቸው ይመስላሉ። ጥምር ስም ሲሆን ይብሳል። የጂኦግራፊው ምሁር መስፍን ወልደ ማርያም "ማርያም፣ መ. ወ." ተብለው ሲጻፉ የአባታቸው ስም ለሁለት ተቆርጦ ግማሹ ብቻ ቀርቷል።

በኢትዮጵያ ጥናት ዘርፍ የተለመደው አሠራር ኢትዮጵያዊን በራሱ ስም መጀመር ነው። ጽሑፉ ውስጥ "ባሕሩ (እ.ኤ.አ. 1991)" ይባላል፣ ዝርዝሩ ላይ ሳይገለበጥ "ባሕሩ ዘውዴ" ተብሎ በ"በ" ረድፍ ይሰለፋል። የውጭ አገር ደራሲ ደግሞ በአገሩ ልማድ ይገለበጣል። በአንድ ዝርዝር ውስጥ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ግራ እንዳያጋባ፣ በዋቢው ራስ ላይ "ኢትዮጵያውያን ደራስያን በራሳቸው ስም ተዘርዝረዋል" የሚል አንድ መስመር ይበቃል። የትምህርት ክፍላችሁ መመሪያ ግልብጡን የሚያዝዝ ከሆነ እሱን መከተል ግድ ነው፤ ያኔም ቢሆን ጥምር ስም አትቁረጡ፣ "ወልደ ማርያም" እንዳለ ይሂድ።

የጥናት ጽሑፎች በሚፈለጉበት ጎግል ስኮላር ላይ "ጥቀስ" የሚለውን ተጭናችሁ የምትገለብጡት ዋቢ የአባትን ስም ያስቀድማል። ዞቴሮን የመሰለ ነፃ የዋቢ ማደራጃ ፕሮግራምም ስሙን በሁለት ሳጥን ከፍሎ ይጠይቃል፤ ዞቴሮ ላይ ግን ከስሙ ጎን ያለችውን ትንሽ ምልክት ስትነኩ ወደ አንድ ሳጥን ይቀየራል። ሙሉ ስሙን እዚያ ከጻፋችሁት አይገለብጠውም።

የፊደሉም ነገር አለ። ኃይሌ፣ ሀይሌ፣ ሃይሌ እየተባለ ይጻፋል። በፊደል ተራ ሲደረደር "ሀ" መጀመሪያ፣ "ኀ" ደግሞ ከ"ተ" እና ከ"ቸ" በኋላ ስለሚመጣ፣ አንድ ደራሲ በሁለት አጻጻፍ ከገባ በዝርዝሩ ሁለት የተራራቁ ቦታዎች ላይ ይገኛል። መፍትሔው የመጽሐፉ ሽፋን ላይ ያለውን አጻጻፍ መያዝ ነው። በእንግሊዝኛ ለምትጽፉም እንዲሁ፤ ደራሲው ራሱ ስሙን በላቲን ፊደል የጻፈበት ካለ እሱን እንጂ የራሳችሁን አትፍጠሩለት። የአማርኛና የእንግሊዝኛ ምንጮችን በሁለት ዝርዝር መለየትም ያቀላል። "ዶ/ር"፣ "ፕሮፌሰር"፣ "አቶ" በዋቢ ውስጥ አይገቡም።

ዓመቱስ የማን ነው?

የእኛ ዘመን ከአውሮፓው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ በ7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን በ8 ዓመት ያንሳል። አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት የተመረቀው ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው፤ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ማለት ነው። አንድ ቀን ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ 2021 ይባል ነበር። ስለዚህ መጽሐፍ ላይ "2014 ዓ.ም." ብቻ ተጽፎ ወሩ ካልታወቀ፣ ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ስትመልሱ ማወቅ የሚቻለው 2021 ወይም 2022 መሆኑን ብቻ ነው። ትክክለኛው አጻጻፍ በመጽሐፉ ላይ ያለውን እንዳለ "2014 ዓ.ም." ብሎ መተው ነው፤ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ከሆነም የእኛ አቆጣጠር መሆኑን ምልክት አድርጎ 2021/22 ብሎ ማስከተል ይቻላል። "ዓ.ም." እና "እ.ኤ.አ." የሚሉት ምልክቶች ከዝርዝሩ ውስጥ ከጠፉ አንባቢው ሰባት ስምንት ዓመት ሊሳሳት ይችላል።

ይህ ስሕተት ጎልቶ የሚታየው ሕግ ሲጠቀስ ነው። ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን ያትማል፤ የአዋጁ ቁጥር አንድ ሆኖ ዓመቱ በሁለቱ ይለያያል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ በአማርኛው ቁጥር 1156/2011፣ በእንግሊዝኛው 1156/2019 ነው። ከሁለቱም ወገን ያነበበ ተማሪ ሁለቱንም በዋቢው ውስጥ ያስገባና አንድ አዋጅ ሁለት ይሆናል። "በ2011 የወጣው አዋጅ በ2019 ተሻሻለ" ብሎ የሚጽፍም አይጠፋም። የቅጅ መብቱ አዋጅም በእንግሊዝኛው 410/2004 ነው፤ ከላይ ከጠቀስነው 410/1996 ጋር አንድ ነው። ሕግ ስትጠቅሱ የአዋጁን ስም፣ ቁጥሩን ከነዓመቱ፣ አንቀጹንና ንኡስ አንቀጹን ጻፉ፤ ገጽ ብቻ አይበቃም። በፌዴራል ሕጎች ሁለቱ ቋንቋዎች ከተለያዩ የሚጸናው አማርኛው ስለሆነ፣ በእንግሊዝኛም ብትጽፉ አማርኛውን ሳታዩ አትለፉ።

ተቋማትም ስማቸውን ይለውጣሉ። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ዛሬ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ይባላል። የድሮውን ሪፖርት ስትጠቅሱ ሽፋኑ ላይ የታተመውን ስም ጻፉ፤ በዛሬው ስም ከተካችሁት ሰነዱን በመዝገብ ውስጥ የሚፈልገው ሰው አያገኘውም።

ከቴሌግራም ያወረድኩት ፒዲኤፍ፣ ያነጋገርኳቸው ሰዎችስ?

መጽሐፉ በቴሌግራም ቢደርሳችሁም ምንጩ መጽሐፉ ነው እንጂ ቻናሉ አይደለም። ችግሩ እስካን የተደረገው ፒዲኤፍ የመጀመሪያዎቹ ገጾች የሚጎድሉት መሆኑ ነው፤ አሳታሚውና ዓመቱ እዚያ ናቸው። እንዲህ ሲሆን ወመዘክር፣ አብርሆት ወይም ስድስት ኪሎ ባለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ሄዳችሁ የወረቀቱን ቅጂ መፈለግ ይገባል። የርእስ ገጹን ፊትና ጀርባ በስልክ አንሥቶ መመለስ ብቻ ነው፤ ይህችን ድካም የሚሸሽ ሰው "ዓመት ያልታወቀ" እያለ ገጹን ይሞላል። እግረ መንገዳችሁንም ስንተኛ እትም እንደሆነ እዩ፤ የገጽ ቁጥር ከእትም እትም ይለያያልና።

ከድረ ገጽ የተወሰደ ከሆነ የጸሐፊው ስም፣ ርእሱ፣ የወጣበት ቀን፣ አድራሻው ይጻፋል። ገጹ ሊለወጥ ወይም ሊነሣ የሚችል ከሆነ ያያችሁበትን ቀን ጨምሩ፤ ቅጂውንም አስቀምጡ። የምርምር መጽሔት ጽሑፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ በ10 የሚጀምር ዲኦአይ የሚባል ቋሚ መለያ አለው። ድረ ገጹ ቢቀየርም ያ መለያ ወደ ጽሑፉ ይመራል፤ ካለ እሱን ጻፉ።

የሰው ቃል በየሥርዓቱ ይለያያል። በኤፒኤ በግል የተደረገ ንግግር፣ ደብዳቤና የስልክ መልእክት ጽሑፉ ውስጥ ከነቀኑ ይጠራል እንጂ ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም፤ አንባቢ ሄዶ ሊያገኘው አይችልምና። በታሪክ ጥናት ግን መጨረሻ ላይ የመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር ማውጣት የቆየ ልማድ ነው፦ ስም፣ ዕድሜ፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቦታና ቀን። ከፒያሳ የተነሡ ነዋሪዎችን ያነጋገረ ተማሪ "ነዋሪዎች እንደሚሉት" ብሎ ከማለፍ፣ እያንዳንዳቸው የት ሰፈር ስንት ዓመት እንደኖሩና መቼ እንዳነጋገራቸው ቢጽፍ ምስክርነታቸው ክብደት ያገኛል። ስማቸው እንዳይወጣ ከጠየቁ ደግሞ ፈቃዳቸው ይቀድማል፤ ምልክት ይሰጣቸውና ምክንያቱ ይገለጻል።

የብራና መጽሐፍ ለሚያጠኑ፣ የመጽሐፉ ስም ብቻ አይበቃም። አንዱ ድርሳን በብዙ ቅጂ ስለሚገኝ የተቀመጠበት ቦታ፣ የመዝገብ ቁጥሩና ቅጠሉ፣ ከቅጠሉም ፊቱ ወይም ጀርባው መሆኑ ይጻፋል።

ቻትጂፒቲ የሰጠኝን ዋቢ ልጠቀምበት?

ሳታገኙትና ሳታነቡት አይሆንም። እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ከተማሩት ጽሑፍ ተነሥተው ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመቱ ይጽፋሉ። ዋቢ ምን እንደሚመስል ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ስም፣ ዓመት፣ ማራኪ ርእስ፣ የመጽሔት ስም፣ ቅጽና ገጽ ይደረድራሉ። ያ መጽሐፍ መኖሩን ግን ሳያረጋግጡ ሊጽፉት ይችላሉ። ደራሲው እውነተኛ፣ መጽሔቱም እውነተኛ ሆኖ ጽሑፉ ፈጽሞ ያልተጻፈ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ አሳሳች የሚያደርገውም ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ጠቅሰው ለፌዴራል ፍርድ ቤት በማቅረባቸው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል።

ማጣራቱ ደቂቃዎች ብቻ ነው የሚወስደው። ርእሱን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጋችሁ ፈልጉት። መጽሔቱ ድረ ገጽ ላይ ገብታችሁ በዚያ ቅጽና በዚያ ገጽ ምን እንዳለ እዩ። ዲኦአይ ከሰጣችሁ ክፈቱት፤ ብዙ ጊዜ ስለ ሌላ ነገር የሚያወራ ጽሑፍ ይወጣል። ካልተገኘ ሰርዙት። ፕሮግራሙን ለሌላ ሥራ፣ ለምሳሌ ቋንቋ ለማረም ከተጠቀማችሁበት፣ የትምህርት ክፍላችሁ ምን እንደሚፈቅድ አስቀድማችሁ ጠይቁና መጠቀማችሁን ግለጹ።

ተርኒቲን ያወጣው በመቶኛስ ምን ይናገራል?

ተርኒቲን የጽሑፍ መመሳሰልን የሚፈትሽ ሶፍትዌር ነው። ጽሑፋችሁ ውስጥ ያሉት ቃላት ከሌላ ጽሑፍ ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ እንጂ ምን ያህል እንደሰረቃችሁ አይናገርም። በአግባቡ የተጠቀሰ ጥቅስ፣ የዋቢ ዝርዝሩ ራሱ፣ የተቋማት ስም ሁሉ ሊቆጠር ይችላል። 20 በመቶ አግኝቶ ንጹሕ የሆነ ጽሑፍ አለ፤ 6 በመቶ አግኝቶ ያ 6 በመቶ የጥናቱ ዋና መደምደሚያ የሆነበትም አለ። ስለዚህ ቁጥሩን ለመቀነስ ቃል እየቀያየሩ ከመድከም ሪፖርቱን ከፍታችሁ በቀለም የተለየውን መስመር አንድ በአንድ እዩ፤ ምንጩ ተጠርቷል? ትእምርተ ጥቅስ አለው? ከጎደለ ጨምሩ።

ይህ ሁሉ ቀላል የሚሆነው በሚነበብበት ሰዓት ሲሠራ ነው። ማስታወሻ ስትይዙ ቃል በቃል የገለበጣችሁትን ወዲያው በትእምርተ ጥቅስ ክበቡ፣ ገጹን አጠገቡ ጻፉ፤ የራሳችሁን ሐሳብ በሌላ ቀለም ለዩት። ከሦስት ወር በኋላ ደብተሩን ስትገልጡ የትኛው የደራሲው፣ የትኛው የእናንተ እንደሆነ በማስታወስ መለየት አይቻልም። ከመጠረዙ በፊት ደግሞ ዝርዝሩን ለብቻ አትማችሁ፣ ጽሑፉን ከመጀመሪያው እያነበባችሁ የተጠራውን እያንዳንዱን ስም በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት። ምልክት ያላገኘ መስመር ይውጣ፤ ጽሑፉ ውስጥ ኖሮ ዝርዝሩ ላይ ያጣችሁት ካለ፣ ኮፒ ቤቱ ሳይዘጋ መጽሐፉን ፈልጉት።